ኮሮላዬ በጣም ታንገጫግጫለች፤ መጀመሪያ ጎማ ልቀይር ወይስ ሾክ?

ባለኮሮላው፣ ጀሞ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። 2008 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። አምና ነው ከሰው የገዛኋት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ካምቢዮዋም እንደዚያው። ችግሯ ምቾት ብቻ ነው። በጣም ታንገጫግጫለች።

የሚያስጨንቀኝ ለእናቴ ነው። የወገብ ዲስክ አለባት። ከደብረ ብርሃን እየመጣች እዚህ ፊዚዮቴራፒ ትከታተላለች፤ የማመላልሳት እኔ ነኝ። አስፋልቱን እንደምንም ትችለዋለች። ወደ ኮንዶሚኒየማችን የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ስንደርስ ግን የበሩን እጀታ ጨብጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጉብታ ስሻገር ደግሞ ከኋላ «ጓ» የሚል ድምፅ አለ። ጎማው ጉብታው ላይ ሲወጣ አይደለም የሚመታው፤ ወደ ታች ሲወርድ ነው።

መኪናዋ ላይ ያለው ነገር ይሄ ነው። የቀድሞው ባለቤት ባለ 17 ቸርኬ አስገብቶባታል፤ ጎማው 215/45/17 ነው። ከፍ እንድትል ብሎ የኋላ ሞላዎች መሃል ላስቲክ አስከትቷል። ፊት ደግሞ ከሾኩ አናት ላይ ስፔሰር (ከፍታ የሚጨምር ብረት) አለ። ንፋስ 40 ፒኤስአይ ነው የሚሞላልኝ፤ ጎሚስታው «ጉድጓድ እንዳይቆርጠው» ይላል። የበሩ ምሶሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 195/65/15 እና 32 ነው የሚለው።

አንድ ጋራዥ አሳይቼ ነበር። አራቱንም ሾክ ወደ ስፖርት ቀይር፣ ያኔ መሬት ትይዛለች ተባልኩ። ጎማ ሻጩ ደግሞ ሾኩን ተወው፣ ጎማህን ባለ 16 አድርግ አለኝ። ሁለቱን በአንዴ የምሠራበት ገንዘብ የለኝም። ከየቱ ልጀምር? ለመልኳ አልጨነቅም። እናቴ ሳትሰቃይ እንድትሄድ ብቻ ነው የምፈልገው።

ቪትዝ ነጂ

ወንድሜ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ንፋሷን አስተካክል። 40 ለኮሮላ ብዙ ነው። ብዙ ጎሚስታ ሳይጠይቅህ ከ35 በላይ ይነፋል። የራሴን መለኪያ ገዝቼ ጠዋት ሳልነሳ መለካት ከጀመርኩ ወዲህ የኔዋ ሌላ መኪና ሆናለች። እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ።

ባሌስትራ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ ከመኪናዋ ይልቅ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እናትህ ናቸው የታዩኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመኪና እግር ሥራ ነው። አሁንም ልጆች አስተምርበታለሁ።

የጠየቅኸው «ጎማ ወይስ ሾክ» ነው። ከሁለቱም በፊት ግን የተጨመረባትን አውጣላት። ቶዮታ ይቺን መኪና ሲሠራት ጎማውን፣ ሞላውን፣ ሾኩንና ላስቲኮቹን አንዱን ከሌላው ጋር መጥኖ ነው። ያንተዋ ላይ ጎማው ተነክቷል፣ ሞላው ተነክቷል፣ አሁን ደግሞ የቀረውን ሾክ ንካው እየተባልክ ነው። እንዲህ የመጣ መኪና ስንቱን እንዳየሁ። ሰው ምቾት ፍለጋ ዕቃ ይጨምራል። የተጨመረው ዕቃ ምቾቱን ይወስደዋል። ለዚያ ምቾት ሲባል ደግሞ ሌላ ዕቃ ይገዛል።

ከንፋሱ ልጀምር፣ ነፃ ነውና። ቪትዝ ነጂ ያለው ልክ ነው። ጎማ የመኪናው የመጀመሪያ ሞላ ነው። ድንጋዩን ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። ከሞላውና ከሾኩ በፊት ትንሿን ነገር ሁሉ መዋጥ ያለበትም እሱ ነው። 32 የሚገባው ላይ 40 ስትነፋ አንድ አራተኛ ጨመርክበት ማለት ነው፤ ጎማውም ይደነድናል። ኮብልስቶን ላይ እናትህን የሚጎዳቸው ይሄ ነው። «እንዳይቆርጠው» የሚባለውም ከፊል እውነት ብቻ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጉድጓድ ጫፍና ቸርኬ መሃል ተጨፍልቆ ጎኑ ይቆረጣል፣ ይሄ ትክክል ነው። ግን መድኃኒቱ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ማለፍ አይደለም። ከልክ ያለፈ ንፋስ ጎማውን መሃሉ ላይ ብቻ ያስበላዋል፣ ፍሬኑም መሬት የሚይዝበት ቦታ ይቀንሳል።

የምትለካው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ ነው። ከሄደች በኋላ ጎማው ይሞቃል፤ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሙቀት 1 ገደማ ይጨምራል። በመንገድህ ቆላ ከወረድክ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መሃል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ግፊት በዚያው መለኪያ 11 ገደማ ነው። አዋሽ ስትወርድ ወደ 13 ይጠጋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ወደ 2 ይቀንስብሃል፣ ሙቀቱ ደግሞ ይጨምርልሃል፤ ሁለቱ ይካካሳሉ። አዋሽ ላይ ቆመህ «ሞቋል፣ አስተንፍሰው» የሚልህን አትስማ። ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ ጎማው። ቁጥሩን አብረን እናንብበው። 195 ማለት ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ስትሠራ በቸርኬውና በመሬቱ መሃል 127 ሚሊ ሜትር ጎማ ነበራት። አሁን ያሰርከው 215/45 ነው። 215ን በ45 በመቶ አባዛው፤ 97 ይመጣል። 3 ሴንቲ ሜትር ላስቲክና አየር ወጥቶ በቦታው ብረት ገብቷል። ከውጭ ስታየው ጎማው ያው መጠን ይመስላል፤ ዙሪያው እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው የሚመረጠው። ያ 3 ሴንቲ ሜትር ግን ለወገብ ትልቅ ነገር ነው።

ክብደቱም አለ። ትልቁ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ከትንሹ ይከብዳል። ጎማ፣ ቸርኬና ፍሬን ከሞላው በታች ያሉ ናቸው። እነሱ ሲከብዱ እብጠቱን አልፈው ቶሎ መመለስ ያቅታቸዋል፤ የሚተርፈው ምት ወደ ቦዲው ይሄዳል። ሾክ ምንም ጥሩ ቢሆን ይሄን ክብደት አያጠፋውም።

ወገብን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ። ጤነኛ የቤት መኪና ቦዲ ሞላው ላይ ሆኖ ከፍ ዝቅ የሚለው በሰከንድ 1 ጊዜ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ሰውነታችን ይሄን ይችለዋል፤ ስንራመድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ ክፉኛ የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚሄደው ወደ ላይና ወደ ታች የሚያናውጥ ንዝረት ነው። ጎማው ሲደነድን፣ ሞላው ሲደነድንና ሾኩ ሲጠነክር መኪናዋ ከቀስታው ወጥታ ወደዚህ ንዝረት ትጠጋለች። ስለዚህ «መሬት ትይዛለች» የሚለው ምክር ለኩርባ እንጂ ላንተ እናት አይደለም።

አሁን ከሁሉ የከፋው፤ ያ ላስቲክ። ሞላው የሚሠራው ቀለበቶቹ በነፃነት ሲጠጋጉና ሲርቁ ነው። ላስቲኩ የገባበት ቀለበት ተቆልፏል። 6 የሚሠሩ ቀለበቶች አሉት እንበል። አንዱን ከቆለፍክ 5 ይቀራሉ፤ ሞላው በ20 በመቶ ደነደነ። 2 ከቆለፍክ በ50 በመቶ። ሰውየው ግማሽ መዳፍ ከፍታ አገኛለሁ ብሎ ሞላውን ወደ ሌላ ሞላ ቀይሮታል። በዚያ ላይ የተቆለፈው ቦታ ጫፍ ላይ ጫና ስለሚበዛ ሞላው እዚያው ጋ ሲሰበር አይቻለሁ።

«ጓ» የሚልህም ከዚሁ ነው። መኪናዋ ቆማ ሳለች ከፍ ስላለች ሾኩ ቀድሞውኑ ተስቧል። ጎማው ከጉብታው ሲወርድ ሾኩ የሚረዝምበት ቦታ አልቆበታል። መጨረሻው ላይ ደርሶ ብረት ከብረት ይጋጫል። ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ያልከው ምልክት በጣም ጠቃሚ ነው፤ አድምጠሃል። የፊቱ ስፔሰር ሞላውን አያደነድነውም፤ ግን የአክሰሉን ማዕዘን ያጣምማል።

ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። ዛሬውኑ ንፋሷን 32 አድርግ። በዚህ ሳምንት ላስቲኩንና ስፔሰሩን አስወጣ፣ አላይመንት አስያዝ። ከዚያ የገንዘብህን ትልቁን ክፍል ባለ 15 ቸርኬና 195/65 ጎማ ላይ አውለው። ባለ 17ቱን ሽጠው፤ ፈላጊው ብዙ ነው። ሾኩን ከዚያ በኋላ እናያለን።

ባለኮሮላው፣ ጀሞ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ንፋሱን ጠዋት 32 አስደርጌ ነው የወጣሁት። ኮብልስቶኑ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

አንድ ስጋት አለኝ። ላስቲኩን ካስወጣሁ ሆዷ መሬት አይመታም? ሰፈራችን ያለው ጉብታ ልክ የለውም። ደግሞስ ሾኩ መሞቱን በምን አውቃለሁ? እርስዎ ቆይ ያሉኝ ደህና ነው ብለው ነው?

ባሌስትራ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ላስቲኩ ሲወጣ ዝቅ ትላለች፣ አዎ። ግን የምትመለሰው ወደተሠራችበት ከፍታ ነው። ዙሪያው ደግሞ 195/65/15 ከ215/45/17 ትንሽ ይበልጣል፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሬት ያርቅሃል። ከወጣ በኋላም የኋላዋ ተንጋላ ከተቀመጠች ሞላው ደክሟል ማለት ነው። በርካታ ሰው ላስቲክ የሚከትተው የደከመ ሞላ ለመደበቅ ነው። የዚያ መድኃኒት በመኪናዋ ልክ የተሠራ አዲስ ሞላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ። ጉብታውን ደግሞ በቀስታ እለፈው፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሞላ ይሸከማል፣ ሾክ ያረጋጋል። ይሄን ከያዝክ ሾክ መሞቱን ራስህ ታውቃለህ። ጉብታ ካለፍክ በኋላ ቦዲው አንዴ ወርዶ ወጥቶ መርጋት አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ሾኩ አልቋል። የቆመች መኪና ጫፍ እየተጫኑ መሞከር አለ፤ ጨርሶ የሞተውን ያሳይሃል፣ በከፊል የደከመውን ግን አያሳይህም። ጎንበስ ብለህ ሾኩን እይ። ዘይት ወርዶበት አፈር የያዘ ከሆነ ሾኩ አልቋል። ጎማህን በመዳፍህ ዳብሰው፤ እዚህ ጎድጎድ እዚያ ከፍ እያለ ከተበላ ጎማው መሬት ላይ ሲነጥር ነው የከረመው። ሾክ ሠሪዎቹ ራሳቸው 80,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አስመርምሩ ይላሉ። በኛ መንገድ ከዚያም ሊቀድም ይችላል።

መቀየሩ ግድ ከሆነ ከፋብሪካው ጋር የሚቀራረበውን ግዛ። ካያባ የሚባለውን የጃፓን ሾክ ብትገዛ «ኤክሴል ጂ» የሚለው መኪናዋን ወደ ድሮዋ ለመመለስ የተሠራ ነው። ያው ካያባ «ጋዝ ኤ ጀስት» የሚባል ጠንከር ያለ አለው፤ ላንተ አይሆንም። ሱቅ ውስጥ «ካያባ ስጠኝ» ብቻ ብለህ እንዳትወጣ፣ የቱ ካያባ መሆኑን አይተህ ነው።

ሾክ ስታስቀይር አናቱ ላይ ያለውን ማውንቲንግ ላስቲክ፣ የስታቢላይዘር ሊንኩንና የሎወር አርም ቡሾቹን (ጎማውን ከቦዲው የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ላስቲኮች) አብረህ አስፈትሽ። አሮጌ ማውንቲንግ ላይ አዲስ ሾክ ገጥሞ «ለውጥ የለውም» የሚል ሰው በጣም ብዙ ነው። ያ ላስቲክ ሲደርቅ እያንዳንዷን ጠጠር ወደ ቤቱ ያስገባታል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የሎወር አርም ቡሽ ሲቀየር ብሎኑ የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኘው መኪናዋ በራሷ ክብደት ጎማዋ ላይ ቆማ ነው። ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለች ከተጠበቀ ቡሹ በተንጠለጠለበት ማዕዘን ይያዛል። መሬት ስትወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ይደነድናል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ሥራውን የሚያፋጥኑ ጋራዦች ይሄን ይዘሉታል። አጠገባቸው ቆመህ «አውርዳችሁ አጥብቁልኝ» በል። አታፍር።

ሀይሉክስ ሮቤ

ጋሼ፣ ካሉ አይቀር የኛንም ይበሉልን። ባሌ ሮቤ ነኝ። ሀይሉክስ ፒክአፕ ነው የምነዳው። እህል ስጭን ኋላዋ እንዳይወርድ አንድ ተጨማሪ ባሌስትራ (ንጣፍ ብረት ሞላ) አስጨምሬያለሁ። ጎማዬም ባለ 10 ንጣፉ የጭነት ጎማ ነው። ስጭን ግሩም ናት። ባዶዋን ኮረኮንች ላይ ስሄድ ግን ኋላዋ ወደ ጎን ትዘላለች፣ ቤተሰብ ይዞ መሄድ አልተቻለም። ሾክ ቢጠነክር ይሻላት ይሆን?

ባሌስትራ

ሮቤ፣ ጥያቄህን ሳይ ደስ አለኝ፤ ባሌስትራ የኔ ሥራ ነው።

መኪናህ ለጭነት ተስተካክላለች፤ ስለዚህ የምትመቸው ስትጭን ነው። ፒክአፕ ከፋብሪካዋ ጀምሮ አንድ ቶን ሊጫንባት ተብላ ነው የምትሠራው። ባዶዋን ባሌስትራው አይታጠፍላትም። አንተ ሌላ ጨመርክባት። ጠንካራ ሾክ ብትጨምር ይብስባታል፤ ኋላዋ ይበልጥ ትዘላለች።

መጀመሪያ ንፋሱን ለሁለት ከፍለህ ያዝ፦ ለጭነት አንድ፣ ለባዶ አንድ። ሀይሉክስ ላይ የበሩ ወረቀት የባዶውንና የሙሉውን ለየብቻ የሚጽፍበት ጊዜ አለ፤ ተመልከተው። ባለ 10 ንጣፍ ጎማ ጎኑ በጣም ወፍራም ነው። በሙሉ ንፋስ ባዶ ስትነዳው እንጨት ላይ እንደተቀመጥክ ነው። ለባዶው ከተጻፈው ግን አትውረድ፣ ስትጭን ደግሞ መልሰህ ንፋ። ንፋስ ጎድሎት የተጫነ ጎማ ይግላል፣ ይፈነዳል።

ሁለተኛው፣ ከዓመቱ ስንቱን ነው የምትጭነው? እህል የምትጭነው በመኸር ብቻ ከሆነ ያንን ተጨማሪ ባሌስትራ አስወጣና ለጭነቱ ጊዜ አስገባው። ዓመቱን ሙሉ የምትጭን ከሆነ ደግሞ ባለበት ይሁን፤ ለቤተሰቡ ሌላ መኪና ይሻላል። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት የአውስትራሊያ ዕቃዎች ባሌስትራቸውን በሚሸከመው ጭነት ነው የሚከፋፍሉት። ሰው ግን ትልቁን ይመርጣል፣ ከዚያ ባዶ መኪና ይነዳበታል።

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

ሰላም። የጎማን ነገር እኔም በወገቤ የማውቀው ነው። እዚህ ኡበር ነው የምሠራው፤ መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ሲዬና ናት፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳው ዓይነት። ይቺ ዓይነቷ ከፋብሪካ የምትወጣው በ«ረን ፍላት» ጎማ ነበር። ንፋሱ ቢያልቅ እንኳን በዝግታ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ታስኬዳለች ተብሎ ጎኑ በጣም ተጠናክሮ የተሠራ ነው። ያ ጥንካሬ ነው የሚጎዳህ። እዚህ ክረምቱ ሲወጣ አስፋልቱ ውስጥ የገባው በረዶ ሲቀልጥ መንገዱ በጉድጓድ ይሞላል፤ ደንበኞቼ ከኋላ ሆነው «ሾክህ ሞቷል እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ሾኩ ግን ደህና ነበር። ጎማውን ወደ ተራ የረጅም መንገድ ጎማ ቀየርኩት፣ መጠኑን ሳልነካ። ትርፍ ጎማ ስለሌላት ማስነፊያና መጠገኛ ገዝቼ ከኋላ አስቀመጥኩ። ጥያቄው ያን ቀን ቆመ። ስለዚህ ባለኮሮላው፣ ጋሼ ያሉህን ስማ። መጠኑ ልክ ሆኖም የጎማው ዓይነት ራሱ ለውጥ አለው።

ባሌስትራ

ይሄን ስላነሳህልን አመሰግናለሁ፣ እኔ ዘልዬው ነበር የምሄደው። ባለኮሮላው፣ 195/65/15 ስትገዛ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ። 91 የሚል ታገኛለህ፤ አንድ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ለኮሮላህ በቂ ነው። 95 ከሆነና «ኤክስ ኤል» ከተባለ 690 ኪሎ የሚሸከም ነው፤ ጎኑ ደንደን ያለ ስለሚሆን ላንተ አያስፈልግም። ሻጩ «ይሄ ይጠነክራል» ብሎ ሊያወድሰው ይችላል። አንተ ጥንካሬ አይደለም የምትፈልገው።

ዕድሜውንም እይ። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 ቁጥሮች አሉ። 2423 ካለ በ2023 24ኛው ሳምንት ተሠርቷል፤ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ግን ይደርቃል። ጥፍርህን ጥርሱ ላይ ጫን አድርገህ ሞክረው። የሚደርቀው ምቾቱ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ላይም አይዝም።

ቸርኬ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) ስትፈልግ ደግሞ የራስህን ይዘህ ሂድ። 5 ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደለም። የቀዳዳዎቹ ክብ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፣ 114.3 የሆነም አለ። ኮሮላ እንደመጣችበት አገር ትለያያለች። በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አይገቡም።

ኤሌክትሪኳ

ጋሼ፣ እኔም አንዲት ልጨምር። የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 4 ነው የያዝኩት፣ ባለ 20 ቸርኬው። ፊት 235/50፣ ኋላ 255/45። ድምፅ የላትም፣ ጉልበቷም ደስ ይላል፤ ግን ትንሹ ጉድጓድ ሁሉ ይሰማኛል። እሷም ላይ ባለ 15 ይገባል?

ባሌስትራ

አይገባም እህቴ፣ ፍሬኗም አይፈቅድም። ያንቺዋ ባትሪውን ተሸክማ ከ2 ቶን በላይ ናት። ሞላዋም ጎማዋም ለዚያ ክብደት ነው የተሠሩት። ግን ይቺው መኪና ከፋብሪካ በባለ 19ም ትወጣለች፤ ፊት 235/55፣ ኋላ 255/50። የጎማው ጎን ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቀጣዩን ጎማ ስትገዢ ወደዚያ መውረድ ትችያለሽ። የመሸከሚያ ቁጥሩ ግን በሩ ላይ ከተጻፈው በፍጹም እንዳያንስ። ለከባድ መኪና ቀላል ጎማ ማሰር አደጋ ነው፤ እዚህ ላይ ምቾት አይቀድምም።

ባለኮሮላው፣ ጀሞ

ጋሼ፣ የቤቱ ሰዎች፣ ተመልሼ መጥቻለሁ። ላስቲኩም ስፔሰሩም ወጥቷል። የኋላ ሞላዎቹ አልደከሙም ነበር፤ የቀድሞው ሰው ዝም ብሎ ነው የከተተው። «ጓ» የሚለው ድምፅ ጠፍቷል። ባለ 17ቱን ሸጬ ባለ 15 ቸርኬ ከሶማሌ ተራ አገኘሁ፣ ያገለገለ ነው። ጎማው አዲስ 195/65፣ 91 ነው። ሾኮቹን ጎንበስ ብዬ አየኋቸው፤ ደረቅ ናቸው፣ ጉብታ ላይም አይወዛወዙም። ስለዚህ አልነካኋቸውም። በቀረው ገንዘብ የፊቱን ማውንቲንግና የሎወር አርም ቡሾቹን አስቀየርኩ። ብሎኑን መሬት ላይ አስወርጄ ነው ያስጠበቅኩት። መካኒኩ መጀመሪያ ደስ አላለውም፣ በኋላ ግን ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እርስዎ ያሉትን ነገርኩት።

እናቴን ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን አመጣኋት። ኮብልስቶኑ ላይ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሠርግ እያወራችኝ ነበር፣ ወሬዋን አላቋረጠችም። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። ትናንት አዳማ በፈጣኑ መንገድ ወርጄ ነበር። ከ90 በታች ምንም የለም። 100 አካባቢ ላይ መሪዋ ይንቀጠቀጣል፣ 110 ሳልፍ ደግሞ ይቀንሳል። አላይመንት ገና መያዙ ነው። አዲሱ ጎማ ይሆን?

ባሌስትራ

ስለ እናትህ የጻፍከውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እግዚአብሔር ይመስገን።

አላይመንት አይደለም። አላይመንት ሲበላሽ መኪና ወደ አንድ ጎን ትስባለች፣ ጎማ ትበላለች። በአንድ ፍጥነት መጥቶ በሌላው የሚሄድ መንቀጥቀጥ የባላንስ ነው፤ የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አይደለም ማለት ነው። መሪው ላይ ስለተሰማህ ከፊት ሁለቱ አንዱ ነው፤ ከኋላ ቢሆን ወንበሩ ላይ ነበር የሚሰማህ። ያገለገለ ቸርኬ ስለገዛህ እሱን እጠረጥራለሁ። ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር ከክብደቱ ይልቅ የቸርኬውን ጠርዝ እይ። ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ተጣሟል፤ እርሳስ በመለጠፍ አይድንም። እንዲቀይሩልህ ወደገዛህበት መልሰው። ቀጥ ያለ ከሆነ አራቱንም ባላንስ አስደርግ፤ ከማሰርህ በፊት ቸርኬው የሚቀመጥበትን የብረት ፊት በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፣ ዝገት ካለ ቸርኬው ዘንበል ብሎ ነው የሚገባው።

ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ አጥብቃቸው፣ ዙሪያውን በተራ አይደለም። የኮሮላህ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድክ በኋላ በቁልፍ ደግመህ ፈትሻቸው፣ በተለይ ወደ ደብረ ብርሃን ከመውጣትህ በፊት።